አባቱን እንዲጠላ የጠየቀው ፊልሙ አይደለም

«ቦይ ኢሬዝድ» ስለተባለው ፊልም በአማርኛ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ግምገማ አነበብኩ። ፊልሙ ጌይ፣ ማለትም ወንድ የሚወድ ወንድ፣ በመሆኑ ዝንባሌው እንዲለወጥ ወላጆቹ «ሕክምና» ወደሚሰጥ ማዕከል ስለላኩት ልጅ ነው። ጸሐፊው ጨዋ ናቸው። ማንንም አልሰደቡም፣ ነጥባቸውንም አንድ በአንድ ነው ያስቀመጡት። ግን አብዛኞቹ ነጥቦች ልክ አይደሉም። ነገሩ ደግሞ «አስተያየት ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ልጆች ሕይወታቸውን ያጡበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ እኔም አንድ በአንድ ልመልስ።

የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ ይህ ነው። ፊልሙ ሃይማኖትን ለማጥቃት የተሠራ ነው ይላሉ። በማዕከሉ ውስጥ የሚታየው ነገር ተጋኗል፣ እውነተኛው አሠራር ምክር ብቻ ነው ይላሉ። ልጁ በፈቃዱ ነው የገባው፤ ሕክምናው የሠራላቸው ሰዎች አሉ፣ ጥናትም አለ ይላሉ። ልጁ ጌይ የሆነውም ተደፍሮ እንደሆነ ፊልሙ ራሱ አሳይቶናል ባይ ናቸው። ሲያጠቃልሉም ፊልሙ ልጆችን ከአባቶቻቸው ያጣላል ይሉና፣ ወላጆች ልጃቸው ላይ እንዲህ ያለ ዝንባሌ ካዩ ሳይረፍድ ወደ እንዲህ ዓይነት ቦታ እንዲወስዱት ይመክራሉ። እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ የመጨረሻው ምክር ነው።

ፊልሙን ላላያችሁ ትንሽ ልበል። የወጣው በ2018 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አዘጋጁ ጆኤል ኤጀርተን ነው። መነሻው ጋራርድ ኮንሊ በ2016 ያሳተመው የራሱ የሕይወት ታሪክ ነው። ኮንሊ ያደገው በአሜሪካ አርካንሶ ግዛት፣ አጥባቂ ባፕቲስት ቤተሰብ ውስጥ ነው። በ2004፣ በ19 ዓመቱ፣ ቴኔሲ ግዛት ሜምፊስ ከተማ ወደነበረ «ላቭ ኢን አክሽን» የሚባል ማዕከል ተላከ። ማዕከሉ የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌን እለውጣለሁ የሚል ነበር። ይህ ሙከራ ነው ኮንቨርዥን ቴራፒ የሚባለው።

ፊልሙ የሰዎቹን ስም ቀይሯል። ልጁ ጃሬድ ነው፤ ሉካስ ሄጅስ ይጫወተዋል። አባትየው ማርሻል ፓስተርም መኪና ሻጭም ነው፤ ራስል ክሮው ነው የሚጫወተው። እናትየው ናንሲን ኒኮል ኪድማን ትጫወታለች። የማዕከሉን ኃላፊ ቪክተር ሳይክስን ደግሞ አዘጋጁ ራሱ ይጫወተዋል።

«ተጋኗል» ከሚለው ልጀምር። ማዕከሉ ውስጥ የሚሆነውን እናስታውስ። ጃሬድ እንደገባ ስልኩን ይወስዱበታል። ማስታወሻ ደብተሩን ወስደው ያነቡታል። ውስጥ የሚሆነውን ለማንም መናገር አይፈቀድለትም። እናቱ እንኳን፣ እዚያው ከተማ ሆቴል ይዛ ማታ ማታ አብራው እያደረች፣ ቀኑን እንዴት እንዳሳለፈ ማወቅ አትችልም። ከዚያ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ እንዲሥል ይታዘዛል። ከእያንዳንዱ ዘመድ ስም አጠገብ ነውሩን መጻፍ አለበት፤ ማን ሰካራም ነበር፣ ማን ቁማርተኛ ነበር፣ ማን ሱሰኛ ነበር። «በሽታው» ከየት እንደመጣ እንዲገኝ ነው። ሌላ ቀን ልጆቹን በወንድነታቸው ልክ በሰልፍ ያቆሟቸዋል፤ በጣም ወንድ የሚመስለው ከፊት፣ የማይመስለው ከኋላ። ወንድነት ይማሩ ተብሎም ቤዝቦል ይመታሉ።

ጸሐፊው በተለይ አላምንም ያሉት የቀብሩን ትዕይንት ነው። ካመረን የሚባል ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ዝምተኛ ልጅ አለ። አንድ ቀን አዳራሹ ውስጥ የሬሳ ሣጥን ይቀመጣል። የልጁ ቤተሰብ ጥቁር ለብሶ ይመጣል። ካመረን ይንበረከካል። ከዚያ ቤተሰቡ ተራ በተራ በመጽሐፍ ቅዱስ ይመታዋል። ታናሽ እህቱ ሳትቀር። ልጅቷ መጽሐፉን ይዛ ስትቆም ማየት እንዴት ከባድ እንደሆነ ፊልሙን ያየ ያውቀዋል። የምትመታው ወንድሟን ነው፣ የምትመታውም ትልልቆቹ አድርጊ ስላሏት ነው።

ይህ ልብ ወለድ ነው አሉ ጸሐፊው። ፊልም ስለሆነ ትዕይንቱ እንደ ፊልም ተቀናብሯል፤ ይህን አልክድም። የይስሙላ ቀብር ነገር ግን በኮንሊ መጽሐፍም አለ። ደግሞም ፊልሙን አጋነነ ለማለት ከፊልሙ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ይህን «ሕክምና» የሚሰጡት ሐኪሞች ነበሩ። ለሰውየው የወንድ ፎቶ እያሳዩ በኤሌክትሪክ ያነዝሩት ነበር። የሚያስታውክ መድኃኒት ይሰጡት ነበር። ፊልሙ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ኤጀርተን ከታሪኩ የመረጠው ለስለስ ያለውን፣ ፈገግ እያለ የሚያቅፈውን፣ ጸሎት የሚደረግበትን ዓይነት ነው። ተቆጥቦ ነው የሠራው ብል ይሻለኛል።

«ምክር ብቻ ነው» ለሚለው ብዙ አልቆይም። ምክር የሚሰጥ ሰው ያዳምጣል። መልሱን አስቀድሞ ወስኖ አይጠብቅም። ስልክ አይነጥቅም። «ለእናትህ እንዳትነግራት» አይልም። ልጅ ከእናቱ እንዲደብቅ የሚያዝ ማንኛውም ቦታ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ ወላጅን ሊያስደነግጥ ይገባል።

አሁን ወደ «በፈቃዱ ገባ» እንምጣ። እውነት ነው፣ ጃሬድ እሺ ብሏል። እሺ ያለበትን ሌሊት ግን ጸሐፊው ዘለውታል። አባትየው ነገሩን በሰማ ጊዜ ሌሎች አገልጋዮችን ወደ ቤቱ ይጠራል። በሌሊት ይመክራሉ። ከዚያ ልጁን አስቀምጠው ይጠይቁታል፤ መለወጥ ትፈልጋለህ? አባትየው ድምፁን ከፍ አያደርግም። እኛ የምናምነውን ከተቃወምክ በዚህ ጣሪያ ሥር መኖር የምትችልበት መንገድ አይታየኝም የሚል ነገር ነው የሚነግረው። ልጁ የኮሌጅ ተማሪ ነው። ቤቱም፣ ጓደኞቹም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የሚጸልይለት አምላክም በአባቱ እጅ ያሉ ነው የሚመስለው። «አልፈልግም» ቢል የሚያጣው ይህን ሁሉ ነው። ይህንን ፈቃድ ማለት ይከብደኛል።

የፈቃድን ነገር ፍርድ ቤትም አይቶታል። በኒው ጀርሲ ግዛት ጆና የሚባል የአይሁድ እምነት መሠረት ያለው ድርጅት ነበር። ጌዮችን እለውጣለሁ እያለ ገንዘብ ይቀበል ነበር። የቀድሞ ደንበኞቹና ሁለት እናቶች ከሰሱት። ክሱ የሃይማኖት ክስ አልነበረም፤ ሸማችን በማታለል ነው የከሰሱት። በ2015 የዳኞች ጉባኤ ድርጅቱ አታልሏል ብሎ ወሰነ፤ 72,400 ዶላር እንዲከፍልም ፈረደበት። ድርጅቱ በኋላ እንዲዘጋ ተደረገ። ደንበኞቹ በእግራቸው ሄደው፣ ፈርመው፣ ከፍለው ነው የገቡት። ሆኖም በውሸት ላይ የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ እንዳልሆነ ዳኞቹ ተረድተውታል።

ስለ ልጆች ደግሞ የፈቃድ ጨዋታ ጭራሽ አይነሳም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ዊሊያምስ ኢንስቲትዩት በ2018 ባወጣው ግምት፣ በአሜሪካ 698,000 ያህል አዋቂዎች በዚህ ሕክምና ውስጥ አልፈዋል። ግማሽ ያህሉ ያለፉበት ገና በአፍላ ዕድሜያቸው ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ወዴት እንደሚወሰድ አይመርጥም። ካሊፎርኒያ በ2012 ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ይህንን ሕፃናት ላይ እንዳይሠሩ ስትከለክል የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። ኒው ጀርሲ በ2013 ተከተለች። ማልታ በ2016 በሕግ ከለከለች፤ ጀርመን በ2020፤ ካናዳ፣ ፈረንሳይና ኒው ዚላንድ በ2022። እነዚህ አገሮች ወላጅን ለመቅጣት ተነሥተው አይደለም። ሰውን የሚጎዳ ነገር በሕክምና ስም እንዳይሸጥ ነው።

«የሠራላቸው ሰዎች አሉ፣ ጥናትም አለ» የሚለው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ብዙ ወላጆች የሚያዙት በዚህ ነጥብ ነውና።

ጸሐፊው የጠቀሱት ጥናት የሮበርት ስፒትዘር ነው። ስፒትዘር ተራ ሰው አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ሲያወጣ ዋና ሚና ከነበራቸው ሰዎች አንዱ ነው። በ2003 ግን ሁሉንም ያስገረመ ጥናት አሳተመ። ተለውጠናል የሚሉ 200 ሰዎችን በስልክ አነጋግሮ፣ ለመለወጥ በጣም የሚጥሩ አንዳንድ ሰዎች ሊለወጡ ይችላሉ አለ። ጥናቱ በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰራጨ። ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙት። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። በ2012 ስፒትዘር ራሱ ጥናቱ ትልቅ ጉድለት እንዳለበት ጻፈ። ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የነገሩት እውነት ይሁን ራስን ማታለል የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። በዚህ ጥናት የተነሣ ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን ላባከኑ ሰዎች ይቅርታ ጠየቀ። ያኔ አዛውንት ነበር፤ ታምሞም ነበር። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ቀላል አይደለም። ሐኪሙ ራሱ ጉድለት አለበት ያለውን ጥናት እንደ ማስረጃ ማቅረብ ግን ልክ አይደለም።

ሌላው የጸሐፊው ማስረጃ «ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል» የሚባለው ድርጅት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ለውጧል ብለዋል። ኤክሶደስ በ1976 ተቋቁሞ ለ37 ዓመት ያህል በዘርፉ ትልቁ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ማይክል በሲ ነው። ከድርጅቱ የወጣው በ1979 ነው፤ ከሌላ አብሮት ከሚሠራ ወንድ ጋር ፍቅር ይዞት። በ2007 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። በ1998 ጆን ፖልክ የሚባል ሰው ከሚስቱ ጋር በኒውስዊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥቶ «ተለወጥኩ» ብሎ ነበር። በ2013 እሱም እንዳልተለወጠ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። የድርጅቱ የመጨረሻው ፕሬዚዳንት አለን ቼምበርስ በ2012 ካገኛቸው ሰዎች 99.9 በመቶ የሚሆኑት ዝንባሌያቸው እንዳልተለወጠ በይፋ አመነ። በሰኔ 2013 ይቅርታ ጠይቆ ድርጅቱን ዘጋው። ይህን ያለው ከውጭ የመጣ ተቺ ቢሆን ጸሐፊው ላያምኑት ይችሉ ይሆናል። የተናገረው ግን ቁልፉን የያዘው ሰው ነው።

ለፊልሙ ቅርብ የሆነው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የሳይክስ ገጸ ባሕርይ የተቀረጸው የላቭ ኢን አክሽን ኃላፊ በነበረው በጆን ስሚድ ላይ ነው። ስሚድ በ2008 ማዕከሉን ለቀቀ። በ2011 ከተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ወደ ሌላው የተለወጠ አንድም ወንድ እንዳላጋጠመው ጻፈ። ለብዙ ዓመታት ማዕከሉን መርቷል። በእጁ ያለፉት ልጆች ብዙ ናቸው። አንድም። በ2014 ራሱ ወንድ አገባ። ፊልሙ ሲያልቅ ሳይክስ ከባሉ ጋር እንደሚኖር የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል። ጸሐፊው ይህንን የፊልሙ ማላገጥ አድርገው ነው ያዩት። ማላገጥ አይደለም፤ በሰውየው ሕይወት የሆነ ነገር ነው።

የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር በ2009 የነበሩትን ጥናቶች ሁሉ መርምሮ ነበር። ዝንባሌን መለወጥ ይቻላል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ሙከራው ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ግን ገልጿል፤ ድባቴን፣ ጭንቀትን፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብን።

አሁን ከሁሉ ያናደደኝን ነጥብ ላንሳ። ጃሬድ ኮሌጅ ገብቶ ሄንሪ ከሚባል ተማሪ ጋር ይወዳጃል። ሄንሪ አንድ ሌሊት ይደፍረዋል። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «መንስኤው ይኸው» ብለዋል። ፊልሙን በደንብ አላዩትም ማለት ነው። ጃሬድ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት፣ ገና ሁለተኛ ደረጃ እያለ፣ ሴት ጓደኛ ነበረችው። ልጅቷን ይወዳታል፤ ልትቀርበው ስትሞክር ግን ይሸሻል፣ ለምን እንደሚሸሽም ለራሱ እንኳ መናገር አይችልም። ይህ ሁሉ ከሄንሪ በፊት ነው። ደግሞም ወሲባዊ ጥቃት የማንንም ዝንባሌ ይሠራል የሚል በማስረጃ የቆመ ሳይንስ የለም።

ፊልሙ በዚያ ትዕይንት የሚያሳየን ሌላ ነገር ነው። ሄንሪ ያደረገው እንዳይወጣበት ፈርቶ ወደ ጃሬድ ቤት ይደውላል። ራሱን የትምህርት ቤቱ አማካሪ አስመስሎ ልጃችሁ ጌይ ነው ይላል። ቤቱ ይታመሳል። ስብሰባ ይጠራል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ሻንጣ ይዘጋጃል። ከሁለቱ ልጆች ወደ ማዕከል የተላከው የደፈረው አይደለም። የተደፈረው ነው። ወንጀሉ ተረስቶ ዝንባሌው ወንጀል ሆነ። ጸሐፊው ይህንን አይተው የደፋሪውን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል፤ የተጎዳውን ልጅ «መንስኤ» ግን በሦስት አንቀጽ ተንትነዋል። ማዕከሉም ያደረገው ልክ ይህንኑ ነበር።

ሃይማኖትን ያጠቃል ስለሚለው። ፊልሙ ውስጥ አንዲት ዶክተር አለች። ቼሪ ጆንስ ናት የምትጫወታት። ወላጆቹ ልጁን የሆርሞን ምርመራ ይደረግለት ብለው ወደ እሷ ይልኩታል። በሩን ዘግታ ብቻውን ታነጋግረዋለች። ምንም ጉድለት የለብህም፣ ጤነኛ ልጅ ነህ ትለዋለች። እሷም አማኝ ናት፤ ይህንንም ትነግረዋለች። እምነቷንም ሳይንሷንም ይዛ ነው የምትሠራው። ሃይማኖትን ማጥቃት የፈለገ ፊልም እውነቱን በአማኝ አፍ አያናግርም። ናንሲም እስከ መጨረሻው አማኝ ናት። ማርሻል እስከ መጨረሻው ፓስተር ነው። ጃሬድ ራሱ ይጸልያል፤ ልመናው ከልቡ ነው። ቼምበርስም ድርጅቱን የዘጋው ክርስቲያን እንደሆነ ነው። ፊልሙ የሚጠይቀው ይህ ማዕከል የሚያደርገው ነገር ልጁን ይጠቅመዋል ወይ ብቻ ነው። ይህንን ለመጠየቅ እምነት መተው አያስፈልግም።

ስለ ፊልሙ ቀርፋፋነትና ስለ ቀለሙ ደብዛዛነት የተባለው የጣዕም ጉዳይ ስለሆነ አልከራከርም። ካመረን የበለጠ ቦታ ይገባው ነበር በሚለው ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

ልጆችን ከአባቶቻቸው ያጣላል ወደሚለው እንሂድ። ለእኔ የፊልሙ ልብ ያለው እዚህ ነው። ጸሐፊው ነገሩን ገልብጠውታል።

ሳይክስ ጃሬድን ፊት ለፊት ይጠራዋል። ባዶ ወንበር ያስቀምጥለታል። አባትህ እዚህ ተቀምጧል ብለህ አስብ ይለዋል። ንዴትህን አውጣ፣ ምን ያህል እንደምትጠላው ንገረው ይለዋል። ከጀርባው ጊዜው ያለፈበት ሐሳብ አለ። ኧርቪንግ ቢበር የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1962 ባሳተመው ጥናት ወንድ ልጅ ጌይ የሚሆነው ከአባቱ ስለራቀና እናቱ ስለተጠጋችው ነው ብሎ ነበር። ሕክምና ፍለጋ የመጡ ሰዎችን ብቻ አይቶ ነው የደመደመው። ሐሳቡ በሳይንሱ ከተተወ በኋላም እነዚህ ማዕከሎች አልለቀቁትም። በእነሱ አካሄድ ልጁ እንዲድን በመጀመሪያ አባቱ ጥፋተኛ መሆን አለበት። አባቱን የማይጠላ ልጅ ካለ እየዋሸ ነው ማለት ነው።

ጃሬድ ወንበሩን ያያል። አባቴን አልጠላውም ይላል። ሳይክስ ይገፋዋል፣ ይጮህበታል። ልጁ አይገፋም። ያንን ቀን ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ ለአባቱ የተከራከረው «በሽተኛ» የተባለው ልጅ ነው። አባቱን እንዲጠላ የጠየቀው አባቱ ገንዘብ ከፍሎ የላከበት ማዕከል ነው። ጃሬድ ከዚያ ወጥቶ ስልኩን የሚጠይቀው፣ እናቱ ጋር የሚደውለውም በዚህ ምክንያት ነው። ሊያስወጣው ያልቻለው ሌላው ውርደት ሁሉ ነው፤ ያስወጣው ይህ ጥያቄ ነው።

ናንሲ መኪናዋን አስነሥታ ትመጣለች። በሩ ላይ ይከለክሏታል። ካመረን መሃል ገብቶ ለጃሬድ መንገድ ይከፍትለታል። ናንሲ ሳይክስን አያፍሩም ወይ ትለዋለች፤ ወዲያው ደግሞ እፍረቱ የእኔም ነው ትላለች። ከዚያ ለልጇ ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ልቧ እያወቀ ዝም እንዳለች ትነግረዋለች። ወንዶቹ ሲወስኑ እሷ ዝም ብላ ነበር። ጸሐፊው ፊልሙ ወላጆችን ክፉ አድርጎ ሣላቸው ብለዋል። ይህችን እናት ካየ በኋላ እንዴት እንዲህ ይባላል? ልጇን ትወደዋለች፤ የወሰደችውም ስለምትወደው ነው፣ ያወጣችውም ስለምትወደው ነው። ፍቅሯ አልተለወጠም። የተለወጠው ማንን እንደምትሰማ ነው።

አባትየውስ? ፊልሙ ከዓመታት በኋላ ይወስደናል። ጃሬድ ኒው ዮርክ ይኖራል፣ ያለፈበትን ጽፏል። ወደ አባቱ ይመለሳል። እኔ ጌይ ነኝ፣ ልጅህም ነኝ፣ ሁለቱም አይቀየሩም ይለዋል። ልጅህ ሆኜ እንድቀጥል ከፈለግክ አንተም መሞከር አለብህ ነው መልእክቱ። ማርሻል አይተቃቀፍም፣ ወዲያው አይለወጥም። እየሞከርኩ ነው ይላል። ይህ ጸሐፊው እንዳሉት ደካማ ፍጻሜ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ዕርቅ በአንድ ቀን አያልቅም። ለማጣላት የመጣ ልጅ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ አባቱ ቢሮ አይገባም ነበር።

ካመረን ግን ወደ አባቱ አልተመለሰም። ጃሬድ ከወጣ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ዜናውን የሚያመጡት ፖሊሶች ናቸው። ጸሐፊው ስለ ሞቱ አንድ ቃል አልጻፉም።

ይህንን የማነሣው ለማስለቀስ አይደለም። የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ኬትሊን ራያንና ባልደረቦቿ በ2018 ያወጡት ጥናት አለ። ጌይ፣ ሌዝቢያንና ሌሎች እንዲህ ያሉ ወጣቶችን ነው የጠየቁት። ማንም ሊለውጣቸው ካልሞከረው ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት 22 በመቶ ነበሩ። ወላጆቻቸው በቤት ሊለውጧቸው ከሞከሩት ውስጥ 48 በመቶ። ወላጆች ሞክረው በዚያ ላይ ወደ ባለሙያ ወይም ወደ ሃይማኖት መሪ የላኳቸው ደግሞ 63 በመቶ። ጸሐፊው ለወላጆች «ሳይረፍድ ውሰዱት» ሲሉ የሚመክሩት ይህንን የመጨረሻውን መንገድ ነው።

ልጁ ስለ ራሱ የነገረው፣ ወይም ሌላ ሰው የነገረው ወላጅ ምን ያድርግ? ድንጋጤው እውነት ነው፤ የዛሬም አይደለም። በ1935 አንዲት አሜሪካዊት እናት ስለ ልጇ ለታዋቂው የአእምሮ ሐኪም ለሲግመንድ ፍሮይድ ጽፋ ነበር። ፍሮይድ የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ፣ እንደ በሽታም ሊቆጠር እንደማይችል መለሰላት። ልጅሽን እለውጠዋለሁ ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም አላት። ልጁ ተጨንቆ፣ ከራሱ ጋር ተጣልቶ ከሆነ ግን ሕክምናው ሰላም ሊያመጣለት ይችላል፤ ቢለወጥም ባይለወጥም። የ2009ኙ የሥነ ልቦና ማኅበር ሪፖርትም ለባለሙያዎች የመከረው ወደዚህ የቀረበ ነው፤ ውጤቱን አስቀድሞ ሳይወስኑ ሰውየውን መደገፍ።

ስለዚህ እኔ ለወላጅ የምለው ይህንን ነው። «ልጅህን እለውጥልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመህ፣ ከመፈረምህ በፊት ጠይቀው። እኔ አብሬው ተቀምጬ መከታተል እችላለሁ ወይ? ማታ ምን እንደዋለ ሊነግረኝ ይፈቀድለታል ወይ? መሄድ እፈልጋለሁ ቢል በሩን ትከፍቱለታላችሁ ወይ? ስልኩስ እሱ ጋ ይቆያል ወይ? ናንሲ እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቀችው በመጨረሻው ቀን፣ በር ላይ ቆማ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብትጠይቃቸው ኖሮ መኪናዋን አዙራ ልጇን ይዛ ትመለስ ነበር።